ከስብሰባው በፊት የእግዚአብሔርን ፈቃድ መጠየቅ፦ ለአጥቢያ አገልጋዮች የሰባት ቀን የጸሎት አካሄድ

በብዙ አጥቢያ ነገሩ የሚሄደው እንዲህ ነው። ሊቀ መንበሩ ጉዳዩን በልቡ ጨርሶት ይመጣል። ከሁለት ሦስት አባላት ጋርም ቀደም ብሎ በመንገድ ተነጋግሮበታል። ካህኑ ተነሥተው ጸሎት ያደርሳሉ፤ ሁሉም «ፈቃድህ በሰማይ እንደሆነች እንዲሁም በምድር ትሁን» ይላል፤ ከዚያ ትናንት ያለቀው ነገር ዛሬ በቃለ ጉባኤ ይጸድቃል። ሥራው ሲበላሽ «ጸልየንበት ነበር እኮ» ይባላል። የተደረገው ግን ያለቀን ነገር ማስመረቅ ነው፤ የጠየቀ ሰው አልነበረም።

ይህ መመሪያ ለሰበካ ጉባኤ አባላት፣ ለሰንበት ትምህርት ቤት ሰብሳቢዎች፣ ለሰንበቴና ለጽዋ ማኅበር ሙሴዎች (መሪዎች) የተዘጋጀ ነው። ደረጃዎቹን ቅደም ተከተላቸውን ሳያዛቡ ይከተሉ። ብዙ ሰው የሚወድቀው በጸሎቱ ሰዓት ሳይሆን ከጸሎቱ በፊት ባሉት አምስት ደረጃዎች ስለሆነ እነሱን አይዝለሉ።

ነገሩ እንዲጨበጥ አንድ ምሳሌ እስከ መጨረሻው ይዘን እንሄዳለን። ደብረ ብርሃን ዙሪያ ይሁን መንዝ፣ አንድ የደጋ አጥቢያ የደረሰ ባሕር ዛፍ አለው። ጥያቄው ይህ ነው፦ ተሸጦ የሰንበት ትምህርት ቤት አዳራሽ ይጀመር ወይስ ይቆይ?

ደረጃ 1፦ ጉዳዩ የሚጸለይበት መሆኑን ይለዩ

ወደ አገልጋይ የሚመጣ ጉዳይ ከሦስት አንዱ ነው።

ሀ. መልሱ ቀድሞ የተሰጠ። ከሙዳየ ምጽዋት ያለ ደረሰኝ ገንዘብ ይውጣ ወይ? ጨረታውን ለዘመዴ ላመቻችለት ወይ? ከቤታቸው የተፈናቀሉ ሰዎች ሌሊት ቅጥር ግቢው ቢደርሱ እናሳድራቸው ወይ? ለእነዚህ ሱባኤ (የሰባት ቀን ጸሎት) አይገባም። ወንጌሉ ተናግሯል፤ የሰበካ ጉባኤው ደንብ ቃለ ዓዋዲው ተጽፏል። እንዲህ ባለው ነገር ላይ «እስቲ ልጸልይበት» ማለት ትእዛዙን ለማቆየት የሚደረግ ነው፤ ይህን በራስዎ ላይ ካዩት ጸሎቱን ይተዉና ትእዛዙን ይፈጽሙ።

ለ. መረጃ የጎደለው። «አዳራሹ ስንት ይፈጃል?» የሚለው ጥያቄ የመሐንዲስ ነው። እግዚአብሔርን ከመጠየቅዎ በፊት የሚያውቀውን ሰው ይጠይቁ።

ሐ. እውነተኛ ምርጫ። ሁለቱም መንገድ ያልተከለከለ፣ ሁለቱም በጎ ምክንያት ያለው፣ ሰውም የሚከፋፈልበት ነው። ሰባቱ ቀን የሚያስፈልገው ለዚህኛው ብቻ ነው። በዓመት ከሦስት አራት ጊዜ በላይ የሚገጥም አይደለም፤ በየወሩ ሱባኤ የሚያስገባ ጉዳይ ካለዎት ብዙዎቹ ከ«ሀ» ወይም ከ«ለ» ወገን ናቸው።

ደረጃ 2፦ መረጃውን በአንድ ገጽ ይጨርሱ

በመጽሐፈ ኢያሱ ምዕራፍ 9 የእስራኤል አለቆች የገባዖንን ሰዎች ስንቅ መረመሩ፤ የሻገተውን እንጀራና ያረጀውን ጫማ አዩ፤ እግዚአብሔርን ግን አልጠየቁም። ዛሬ ደግሞ በተቃራኒው የሚሳሳት ብዙ አለ፦ ይጸልያል፣ ስንቁን ግን ገልጦ አያይም። ሁለቱም ያስፈልጋሉ፤ መመርመሩ ይቀድማል።

ለባሕር ዛፉ ጉዳይ ገጹ ላይ የሚሰፍረው ይህ ነው፦

1. የዛፉ ብዛት፣ ለቤት ቋሚ የሚሆነው፣ ለማገር የሚሆነውና ለማገዶ ብቻ የሚሆነው ተለይቶ።
2. ከሦስት ገዢዎች በጽሑፍ የቀረበ ዋጋ። የቃል ዋጋ አይያዝም። ቆርጦ የሚያነሣው ገዢው ነው ወይስ አጥቢያው? ይህ ካልተጻፈ ሦስቱን ዋጋ ማወዳደር አይቻልም።
3. የመሬቱ ይዞታ ማስረጃ በማን ስም እንዳለ።
4. ከቆረጣው በኋላ ጉቶው እንዲያቆጠቁጥ ማን እንደሚጠብቀው። ከብት ከገባበት ቡቃያው ይበላል።
5. የአዳራሹ ግምት፣ ከዛፉ የሚገኘው ገንዘብ ከዚያ ስንቱን እንደሚሸፍን፣ ቀሪው ከየት እንደሚመጣ።
6. ከዛፉ አሁን የሚጠቀመው ማን ነው? ጭራሮና ቅጠል የሚለቅሙት ባልቴቶች፣ የአብነት ተማሪዎች፣ አጥር የሚያጥሩት ካህናት በስም ይጻፉ።

ስድስተኛው ተራ በአብዛኛው ይዘለላል። በጸሎቱ ውስጥ ትልቁን ሥራ የሚሠራው እሱ ስለሆነ ሰው ልከው ያስጠይቁ እንጂ በግምት አይሙሉት።

ደረጃ 3፦ ጥል ካለ ቀድመው ይፍቱ

ማቴዎስ 5፥23–24 መባህን ትተህ ሄደህ ታረቅ ይላል። አገልጋይ ብዙ ጊዜ የሚጣላው በዚያው ጉዳይ ከሚቃወመው ሰው ጋር ነው፤ በልቡ እየተሟገተው የሚጸልይ ደግሞ የሚሰማው የራሱን ክርክር ነው።

ከመጀመሪያው ቀን ቢያንስ ሁለት ቀን አስቀድመው ቤቱ ይሂዱ። ንግግሩን አጭር ያድርጉት፦ «ጋሼ፣ ባለፈው ስብሰባ የተናገርሁት ልክ አልነበረም። ይቅር ይበሉኝ።» ምክንያት አይደርድሩ። «እርስዎም እኮ» የምትለውን ቃል ከአፍዎ አያውጡ።

ማስጠንቀቂያ፦ በዚያ ቀን ስለ ዛፉ አንድ ቃል አይናገሩ። ዕርቁ ድምፅ ማሰባሰቢያ ይመስላል፤ ሰውየውም ያውቀዋል።

ዕርቁን እምቢ ካለ? አንድ ጊዜ ሽማግሌ ይላኩ። አሁንም እምቢ ካለ ሮሜ 12፥18 «ቢቻላችሁስ በእናንተ በኩል» ይላልና የእርስዎ ድርሻ ተፈጽሟል፤ ይጀምሩ፣ ስሙን ግን በየዕለቱ የጸሎት ዝርዝር ውስጥ ያስገቡ። ከዚያ ወደ ንስሐ አባትዎ ሄደው ይናዘዙ፣ ሰባቱን ቀን እንደሚጀምሩም ይንገሩ። ያለ ንስሐ አባት ዕውቀት አይጀመርም።

ደረጃ 4፦ ጊዜ፣ ቦታና ምግብ

ሰኞ ይጀምሩ። ሰባተኛው ቀን እሑድ ላይ ስለሚውል ቅዳሴ አስቀድሰው ይፈጽማሉ።

በኅዳርና በታኅሣሥ አጨዳና ውቂያ ባለበት ሳምንት አይጀምሩ። ሰውነት አውድማ ላይ ውሎ ሌሊት አይነሣም፤ ከሱባኤው በኋላ የሚሰበሰቡት አባላትም አይገኙም።

ሰዓቱ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ይሁን። ለደጀ ሰላሙ ቅርብ ከሆኑ ጨርሰው ኪዳን ላይ ይደርሳሉ። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ በደጋው ውርጭ አለ፤ ጋቢ ደርበው ይቁሙ፣ ዝተቱን (ወፍራሙን ብርድ ልብስ) ግን አልጋው ላይ ይተዉት። ዝተት ተጠቅልሎ የተቀመጠ ሰው ከአሥር ደቂቃ በኋላ ይተኛል። ስልኩን አጥፍተው ሌላ ክፍል ያኑሩት፤ ለማንቂያ የሚያስፈልግ ከሆነ ከነቁ በኋላ ያስወጡት።

ሱባኤውን ከቤት ወጥተው መያዝ ከፈለጉ ጻድቃኔ ማርያም፣ ሸንኮራ ዮሐንስ ወይም ደብረ ሊባኖስ ይመቻሉ፤ የወሩን በዓል ግን ይሽሹ። ጻድቃኔ በ21 ሕዝቡ ይበዛል፤ በረከቱ ትልቅ ቢሆንም ጸጥታ አያገኙም። ጥያቄውን ሳይጽፉ ወደ ገዳም መሄድም ጥቅም የለውም። ገዳሙ የልብዎን ጥያቄ አይጽፍልዎትም።

ምግብ፦ ጤና ከፈቀደ ከሰኞ እስከ ዓርብ እስከ 9 ሰዓት ይጹሙ፣ ከዚያ ቆሎ ወይም ቀለል ያለ የጾም ምግብ ይቅመሱ። ቅዳሜና እሑድ ለቍርባን ከሚጾመው በቀር እስከ 9 ሰዓት አይጾምም። የስኳር፣ የደም ግፊት ወይም የጨጓራ ሕመም ያለበት፣ ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ለሐኪምና ለንስሐ አባት ሳይነግሩ ጾም አይጨምሩ፤ መድኃኒትም አይቋረጥ። ሲርበው የሚቆጣ ሰው ደግሞ ጾሙን ይቀንስ። ቤተሰቡን እያስለቀሰ የሚጾም ሰው ኢሳይያስ 58ን ያንብብ።

ደረጃ 5፦ ጥያቄውንና መሻትዎን ይጻፉ

አንድ ደብተር ይያዙ። በመጀመሪያው ገጽ አናት ላይ ጥያቄውን በአንድ ዐረፍተ ነገር ያስፍሩ። ዳዊት በቅዒላ ሳለ የጠየቀው እንዲህ ነበር፦ ሳኦል ይወርዳልን? የከተማይቱ ሰዎች አሳልፈው ይሰጡኛልን? (1ኛ ሳሙኤል 23፥11–12)። መልስ ሊሰጠው የሚችል ጥያቄ ነው።

የማይሆን፦ «ጌታ ሆይ፣ አዳራሹን እንድንሠራ እርዳን።» ይህ ጥያቄ አይደለም፤ መልሱን ይዞ መጥቷል።
የማይሆን፦ «ለአጥቢያችን የሚሻለውን አድርግ።» በዚህ ላይ ምን እንደተመለሰልዎት በምን ያውቃሉ?
የሚሆን፦ «ጌታ ሆይ፣ ባሕር ዛፉን ዘንድሮ እንሽጠው ወይስ እናቆየው?»

ከሥሩ ሁለት መስመር ይጨምሩ፦ «የምፈልገው» እና «የምፈራው»። እዚህ ላይ ጊዜ ይውሰዱ፤ ከመመሪያው ሁሉ ከባዱ ይህ ነው። መጀመሪያ የሚመጣልዎት መልስ መልካም መልኩ ብቻ ይሆናል፦ «ልጆቹ በብርድ እንዳይማሩ እፈልጋለሁ።» እውነት ነው፣ ይጻፉት። ከዚያ «ሌላስ?» ብለው ራስዎን ይጠይቁ። «አዳራሹ በእኔ ዘመን እንዲሠራ እፈልጋለሁ።» ሌላስ? «ያለፈው ኮሚቴ ያልቻለውን እኔ ቻልሁ እንዲባል እፈልጋለሁ።» ሌላስ? «ገዢው ያውቀኛል፤ እምቢ ብለው ይቀየመኛል ብዬ እፈራለሁ።» ሲጽፉት ፊትዎ ትኩስ የሚልበት መስመር ላይ ሲደርሱ ደርሰዋል። ያዕቆብ 4፥3 ትለምናላችሁ ግን በክፉ ትለምናላችሁና አትቀበሉም የሚለው የዚህን መስመር ነገር ነው።

መሻት መኖሩ ኃጢአት አይደለም። ተደብቆ ሲኖር ግን የእግዚአብሔርን ድምፅ ይመስላል። ስለዚህ በስሙ ይጠራ።

ይህንን ገጽ ከንስሐ አባትዎ በቀር ለማንም አያሳዩ።

ደረጃ 6፦ የየዕለቱ 45 ደቂቃ

1. 15 ደቂቃ። በስመ አብ ብለው አማትበው የዘወትር ጸሎትና የዕለቱን ውዳሴ ማርያም ያድርሱ። አይሩጡ። ሰዓቱ የማይበቃዎት ከሆነ የዘወትሩን ብቻ በርጋታ ያድርሱና ውዳሴ ማርያሙን ለሠርክ ያቆዩት።

2. 5 ደቂቃ። አንድ መዝሙር ሁለት ጊዜ፣ ሁለተኛውን ድምፅ አውጥተው ያንብቡ። የትኛው በየትኛው ቀን እንደሚነበብ በደረጃ 7 አለ።

3. 5 ደቂቃ። መሻትዎን ያስረክቡ። «የምፈልገው» እና «የምፈራው» የሚሉትን መስመሮች በእግዚአብሔር ፊት ያንብቡ፤ ከዚያ «የእኔ ፈቃድ አይሁን፣ የአንተ እንጂ» ይበሉ። ጌታችን በጌቴሴማኒ አስቀድሞ ጽዋው እንዲያልፍ ለምኗል፤ «የአንተ ፈቃድ ይሁን» ያለው ከዚያ ቀጥሎ ነው፤ እየተመለሰም ሦስት ጊዜ ጸልዮአል። የመጀመሪያውን ክፍል ዘልሎ ሁለተኛውን ብቻ የሚል ሰው ያላወጣውን ነገር አስረከብሁ ይላል።

4. 8 ደቂቃ። ለሁለቱም መልስ ይጸልዩ። አራት ደቂቃ ዛፉ እንደተሸጠ አድርገው ስለ ቆራጮቹ፣ ስለ ገንዘቡ ጥበቃ፣ ስለ ግንበኞቹ ይጸልዩ። አራት ደቂቃ ደግሞ ዛፉ እንደቆየ አድርገው በብርድ ስለሚማሩት ልጆች፣ ቅር ስለሚላቸው አባላት፣ ለአንድ ዓመት ስለሚሆን ሌላ ማስተማሪያ ቦታ ይለምኑ። በአንደኛው ላይ አንደበትዎ እየተያዘ፣ ቃል እያጣ ከሆነ ያንን በደብተሩ ይጻፉ። ልብዎ ገና ያልተለቀቀው በዚያ በኩል ነው። እኩል መጸለይ እስኪችሉ ድረስ መልስ መጠበቅ አይጀምሩ።

5. 7 ደቂቃ። ስም ይጥሩ። በመጀመሪያ የሚቃወሙትን፣ ቀጥሎ በደረጃ 2 ተራ 6 ላይ የጻፏቸውን ሰዎች በክርስትና ስማቸው፤ የማያውቁትን በሚያውቁት ስም ይጥሩ። ለተቃዋሚው «አሳምንልኝ» ብለው አይጸልዩ። ስለ ጤናው፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ እህሉ ይለምኑለት።

6. 5 ደቂቃ። ዝም ይበሉ። አይለምኑ፣ አያስቡ፣ አይጻፉ። ሐሳብ ሲመጣ «አቤቱ ክርስቶስ ሆይ ማረኝ» ብለው ይመለሱ።

ሲጨርሱ አቡነ ዘበሰማያት ደግመው ይዝጉ፤ ከዚያ በደብተሩ አንድ መስመር ብቻ ከቀኑ ጋር ይጻፉ። ገጽ ሙሉ የሚጻፍ ከሆነ ክርክር ሆኗል።

ደረጃ 7፦ የሰባቱ ቀን ቅደም ተከተል

ሰኞና ማክሰኞ፦ ስለ ጉዳዩ ምንም አይጠይቁ። ተራ 4ን ይተዉና ጊዜውን ለንስሐ ያውሉት። ሰኞ መዝሙር 50 (ማረኝ)፣ ማክሰኞ መዝሙር 138 (መርምረኝ)። ቁጥሮቹ በመዝሙረ ዳዊት አቈጣጠር ናቸው፤ በአንዳንድ መጽሐፍ ቅዱስ አንድ ቁጥር ከፍ ብለው 51 እና 139 ሆነው ያገኟቸዋል። ብዙ ሰው ሰኞ ማለዳ ጥያቄውን ይዞ ይሮጣል፤ ረቡዕ ላይ ሲደክመው ያቆማል። ሁለቱን ቀን ያክብሩ።

ረቡዕ፣ ሐሙስና ዓርብ፦ ስድስቱም ተራ ይፈጸሙ። መዝሙሩ በረቡዕ 24 (መንገድህን አመልክተኝ)፣ በሐሙስና በዓርብ 142 (ፈቃድህን ለማድረግ አስተምረኝ)። ሐሙስ ማታ የደብተሩን መስመሮች ያንብቡ። ሁሉም ወደ አንድ ወገን ካዘነበሉ ደረጃ 5ን ደግመው «ሌላስ?» ይበሉ፤ አንዳንዴ ያልተጻፈ መሻት ይገኛል።

ቅዳሜ፦ ጉዳዩን ከነጥያቄው ያቁሙት። ማመስገንና ስም መጥራት ብቻ ያድርጉ። ይህ ቀን ከባድ ሆኖ ካገኙት፣ ማለትም እጅዎ ወደ ጥያቄው እየሄደ ካስቸገረ፣ ነገሩ እስካሁን በእጅዎ ነው።

እሑድ፦ ቅዳሴ ያስቀድሱ፣ ተዘጋጅተው ከሆነ ይቍረቡ። ከሰዓት በኋላ ወደ የት እንደሚያመዝንብዎት በአንድ ዐረፍተ ነገር ይጻፉ። «ምንም አልታየኝም» ከሆነም ያንኑ ይጻፉ፤ አያስጊጡት።

በእነዚህ ቀናት ሱባኤ ላይ እንዳሉ ለአጥቢያው አያውሩ። ሰው ከሰማ መልስ ይጠብቃል፤ የሚጠበቅበት ሰው ደግሞ መልስ ይፈጥራል።

ደረጃ 8፦ ያገኙትን ይፈትኑ

ከእሑድ በኋላ ሦስት ቀን ይቆዩ። ከዚያ እነዚህን ይጠይቁ፦

ከቃሉና ከሥርዓተ ቤተ ክርስቲያን ጋር ይጋጫል? ከተጋጨ ፈተናው አለቀ፤ ይጣል።

ሦስቱ ቀን ሲያልፉ እንዳለ ነው? የስሜት ግለት የነበረ ከሆነ ይቀዘቅዛል።

የተሰማኝ ሰላም ነው ወይስ ማረፍ? ከክርክር ስለተገላገሉ የሚመጣ ዕረፍት አለ፤ ከሰላም ጋር ይመሳሰላል። መለያው ይህ ነው፦ ያን ተቃዋሚ ሰው መንገድ ላይ ሲያገኙት ፊትዎ ይፈካል ወይስ ይጨማደዳል?

እኔን የሚያስከፍለኝ ምንድን ነው? መልሱ ስምም ጥቅምም አመስጋኝም ጨምሮ ለእርስዎ የሚያመጣ ብቻ ከሆነ ወደ ደረጃ 5 ይመለሱ።

አሁን ወደ ንስሐ አባትዎ ይሂዱ። «ይፍቱኝ አባቴ» ብለው ይጀምሩ፣ ገጹንም ደብተሩንም ያሳዩ፤ የሁለቱንም ወገን ምክንያት በእኩል ይንገሩ፤ የእርስዎን ዝንባሌ መጨረሻ ላይ ያድርጉት። «እግዚአብሔር ነግሮኛል» ብለው ከከፈቱ አባትዎ የሚመክሩበትን በር ዘግተዋል።

የአማካሪ የመጀመሪያ «አዎ» ግን መጨረሻ አይደለም። በ2ኛ ሳሙኤል 7 ዳዊት ለእግዚአብሔር ቤት ሊሠራ አሰበ፤ ነቢዩ ናታን በልብህ ያለውን ሁሉ አድርግ አለው፤ በዚያች ሌሊት ግን የእግዚአብሔር ቃል መጥቶ አረመው። ንጉሡ ጻድቅ፣ አሳቡ መልካም፣ ነቢዩ እውነተኛ ነበሩ፤ ቤቱን የሠራው ግን ሰሎሞን ነው። አዳራሹም የሚቀጥለው ሊቀ መንበር ሥራ ሊሆን ይችላል። ይህን አስበው ልብዎ ከደነገጠ ገና ይጸልዩ።

ደረጃ 9፦ ወደ ጉባኤው ይዘው ሲገቡ

ከስብሰባው አንድ ሳምንት በፊት ያንን የመረጃ ገጽ ለሁሉም አባል ያድርሱ፣ እያንዳንዱም በቤቱ እንዲጸልይ ይጠይቁ። ደብተሩን ይዘው አይሂዱ።

በስብሰባው ዕለት፦

1. ጸሎት ከደረሰ በኋላ አንድ ጥያቄ ያቅርቡ፦ «መልሱ ከፈለግነው ውጭ ቢሆን እንቀበላለን?» እያንዳንዱ ይመልስ። በኤርምያስ 42–43 የቃሬያ ልጅ ዮሐናንና ሕዝቡ ሁሉ መልካምም ቢሆን ክፉም ቢሆን እንሰማለን ብለው ነቢዩን አስጸለዩት፤ ከአሥር ቀን በኋላ መልሱ ሲመጣ «ሐሰት ተናግረሃል» አሉት። ልባቸው ቀድሞ ግብፅ ገብቶ ነበርና።
2. አምስት ደቂቃ በዝምታ ይቁሙ።
3. ንግግሩን ከታናሽ ይጀምሩ። የሰንበት ትምህርት ቤቱ ተወካይና የሴቶች ክፍል አስቀድመው ይናገሩ፤ ካህናትና ሽማግሌዎች ይከተሉ፤ ሰብሳቢው መጨረሻ። አለቃ ከተናገረ በኋላ ወጣት ሐሳቡን አይለውጥም፤ ይውጠዋል።
4. ተራዎ ሲደርስ እንዲህ ይበሉ፦ «ጸልዬበታለሁ። ወደዚህ ያመዝንብኛል። ምክንያቴ ይህ ነው። ተሳስቼ ከሆነ አርሙኝ።» «እግዚአብሔር አሳይቶኛል» አይበሉ። በዚያ ቃል ፊት የሚቃወም ሰው ከእግዚአብሔር ጋር የተጣላ ይመስላል፤ ስለዚህ ዝም ይልና ውጭ ወጥቶ ያማል።
5. ክርክር ቢነሣ አይደንግጡ። በሐዋርያት ሥራ 15 «እኛና መንፈስ ቅዱስ ፈቅደናል» የተባለው ከብዙ ክርክር በኋላ ነው።
6. ድምፁ ለሁለት ከተቀራረበና መዘግየቱ ጉዳት ከሌለው ሁለት ሳምንት ያራዝሙት። ባሕር ዛፍ ሁለት ሳምንት ቢቆም አይበላሽም።
7. በቃለ ጉባኤው ላይ ውሳኔውን ብቻ ሳይሆን ምክንያቱንና የተለየ ሐሳብ ያለውን ሰው ቃል ጭምር ያስጽፉ።

አንድ ደረጃ ሲበላሽ

እንቅልፍ ካሸነፈ፦ ማታ በ3 ሰዓት ይተኙ። አሁንም ካልሆነ ከሌሊቱ ይልቅ ሠርክ 11 ሰዓትን ይያዙ። እየተኙ ከመቆም ነቅቶ ማጠር ይሻላል፤ ተራ 3፣ 4 እና 5ን ብቻ ይዘው በ20 ደቂቃ ይጨርሱ።

አንድ ቀን ከተዘለለ፦ በማግሥቱ ሁለት ቀን አይደርቡ። ካቆሙበት ይቀጥሉ፣ መጨረሻውን አንድ ቀን ያራዝሙ። ሁለት ቀን ከተዘለለ ግን በሚቀጥለው ሰኞ እንደ አዲስ ይጀመራል።

ሕልም ከታየ፦ ይጻፉት፤ ለንስሐ አባት ብቻ ይንገሩ፤ በእሱ ብቻ ምንም አይወሰንም። ሰባት ቀን ስለ ባሕር ዛፍ ያሰበ ሰው ባሕር ዛፍ በሕልሙ ቢያይ አያስገርምም። ወደ ሕልም ፈቺ ወይም ኮከብ ቆጣሪ መሄድ ሱባኤውን ያፈርሰዋል፤ ከሄዱም ሳይደብቁ ንስሐ ይግቡ።

ምልክት መጠየቅ ካማረዎት፦ ጌዴዎን የበግ ጠጕሩን የዘረጋው አድርግ የተባለውን ካወቀ በኋላ ነው፤ የጠየቀው ልቡ ስለፈራ ነው። «ነገ ገዢው ከደወለ እንሽጥ» ብለው ነገሩን ለገዢው ስልክ አይስጡት።

ምንም መልስ ከሌለ፦ አንድ ሳምንት ጨምረው ይድገሙ፣ ከዚያ አያልፉ። ቀነ ቀጠሮ የሌለው ጉዳይ ከሆነ ባለበት ይቆይ፤ «አሁን አይደለም» አንድ መልስ ነው። ቀነ ቀጠሮ ካለው ያዕቆብ 1፥5ን ይዘው ጥበብ ለምነው በመረጃው ገጽና በጉባኤው ምክር ይወስኑ። በቅንነት የተወሰነ ነገር ያለ ልዩ ስሜት ቢወሰንም ከጸሎት የጎደለ አይደለም።

በጸሎት መካከል ቁጣ ከመጣ፦ አይግፉት። የተቆጡበትን ሰው ስም ጠርተው መዝሙር 50ን ያድርሱ፣ ለዚያ ቀን ጸሎቱን እዚያ ያቁሙ። ተመልሶ ከመጣ ደረጃ 3 አላለቀም ማለት ነው።

ጊዜ ከሌለ፦ ነህምያ ከካሴሉ ወር እስከ ኒሳን አራት ወር ያህል ከጸለየ በኋላ በንጉሡ ፊት ሲጠየቅ በቅጽበት ወደ ሰማይ አምላክ ጸለየ (ነህምያ 2፥4)። አጭሩ ጸሎት የሚቆመው በረጅሙ ላይ ነው። አስቸኳይ ነገር ሲመጣ «ጌታ ሆይ ጥበብን ስጠኝ» ብለው፣ በቅርብ ያለን አንድ ካህንና አንድ አባል ጠይቀው፣ ሊመለስ የሚችለውን ትንሹን ውሳኔ ብቻ ይወስኑ። ቆረጣ አይመለስም፤ ውል ማዘግየት ይመለሳል።

ጉባኤው ከእርስዎ ዝንባሌ ውጭ ከወሰነ፦ ውሳኔው ከቃሉና ከሥርዓቱ እስካልወጣ ድረስ የእርስዎ እንደሆነ አድርገው ያስፈጽሙ። በደጀ ሰላም «እኔ እንኳ ብዬ ነበር» አይበሉ።

ውሳኔው ስሕተት እንደነበረ በኋላ ከታወቀ፦ መጀመሪያ ጉዳቱን ያስቁሙ፤ ያልተቆረጠው ዛፍ ይቁም፣ ያልወጣው ገንዘብ አይውጣ። በሚቀጥለው ስብሰባ «ተሳስተናል» ብለው በቃለ ጉባኤ ያስይዙ፤ የተጎዱትን ባልቴቶችና ተማሪዎች ቤታቸው ድረስ ሄደው ይቅርታ ይጠይቁ፣ ማገዶ የሚያገኙበትን መንገድም ያዘጋጁ። ከዚያ ደብተሩን ከፍተው ከደረጃ 1 ጀምሮ የትኛው እንደተዘለለ ይፈልጉ፤ ካገኙት በዚያው ገጽ ጠርዝ ላይ ከቀኑ ጋር ይጻፉትና ለሚተካዎት ሊቀ መንበር በቃል ይንገሩት።